የሰማያዊው ሹራብ ክር፦ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ክርን በማይክሮስኮፕ ስለ መመርመር

በምሥራቅ ጎጃም በምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ የሳይንስ ክበቡን ከያዝሁም ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ከክበቡ ሥራዎች ሁሉ ተማሪዎች በጉጉት የሚጠብቁት የወንጀል ምርመራ ሳይንስን፣ ማለትም ፎረንሲክን ሲሆን፣ እኛም ከዚህ ሰፊ ዘርፍ ውስጥ የክር ምርመራን መረጥን። የመረጥነው ስለሚቀል ሳይሆን ስለሚገኝ ነው። የዘረ መል ምርመራ የምናካሂድበት መሣሪያ የለንም፤ ክር ግን በየቤቱና በየገበያው ሞልቷል፤ ማይክሮስኮፕም አቧራ ለብሶም ቢሆን በብዙ ትምህርት ቤቶች ቁም ሣጥን ውስጥ አይጠፋም። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር ላሰቡ መምህራን ነው። የተሳካልኝን ብቻ ተናግሬ ያጠፋሁትን ብደብቅ ጽሑፉ ግማሽ ጥቅም ብቻ ስለሚኖረው፣ አንድ ተማሪን የበደልሁበትን ታሪክም አብሬ አስቀምጣለሁ።

በቅድሚያ ስለ ቃል አጠቃቀም አንድ ነገር ልበል። አማርኛችን ስለ ልብስ ሥራ ቃል አያንሰውም፤ ባዘቶ፣ ፈትል፣ ድር፣ ማግ እያልን እያንዳንዱን ደረጃ ለይተን እንጠራለን። በማይክሮስኮፕ የምናየው ግን ፈትሉ ተፍታቶ የሚገኘውን፣ ከፀጉር የቀጠነውን አንዱን ብቻ ነው። በክበባችን ይህን «ዘለላ» እያልን ስለምንጠራው እዚህም እንደዚያው እጠቀምበታለሁ። ልዩነቱ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ፈትልንና ዘለላን ያልለየ ተማሪ «ወፍራም ክር አየሁ» ብሎ ሲጽፍ ስለ የትኛው እንደሚናገር አይታወቅም።

የሥራው መሠረት አጭር ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ የፖሊስ ቤተ ሙከራ ያቋቋመው ኤድሞን ሎካር ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው፣ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ምልክት ይተዋል በሚለው ሐሳብ ነው። ጋቢ ለብሶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲነሣ የጋቢውን ዘለላ ትቶ፣ ከእርሱ በፊት የተቀመጠው የተወውን ደግሞ ይዞ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የተላለፈው ሁሉ አይቆይም፤ ሰውየው ሲራመድና ልብሱን ሲያራግፍ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይረግፋል። በመሆኑም ጠዋት ያዘጋጀሁትን ልምምድ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ሲሰበስቡት ምንም ሳያገኙ የቀሩበት ቀን ነበር፤ ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን የእኔ የሰዓት አያያዝ ነበር።

ወደ ማይክሮስኮፑ ልግባ። በመጀመሪያው ዓመት ከነበሩን ሰባት ማይክሮስኮፖች የሚሠሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ተበላሽተዋል ተብለው ተቆልፎባቸው ከከረሙት ከአራቱ መካከል ሁለቱ ግን ከቆሻሻ በቀር ምንም አልነካቸውም ነበር። ለ100 ኦብጀክቲቭ፣ ማለትም ከሥር ካሉት ተዟዟሪ ሌንሶች 100 እጥፍ ለሚያጎላው፣ የሚደረገው ዘይት ናሙናው በሚቀመጥበት ብርጭቆ፣ በስላይዱ ላይ እንዳለ፣ ተማሪው ኦብጀክቲቩን ሲያዞር የ40ው ጫፍ ዘይቱን እየነካ ያልፋል፤ ሳይጠረግ ሲቀር ሌንሱ ላይ ይደርቅና ከዚያ በኋላ የሚታየው ሁሉ ጉም ይሆናል። ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ በጥቂት አልኮል አርጥቤ፣ ሳልጫን፣ ከመሀል ወደ ዳር እያዞርሁ ጠረግሁትና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ማይክሮስኮፕ አተረፍን። ለክር ሥራ 100 ኦብጀክቲቭ ፈጽሞ ስለማያስፈልግ፣ ከዚያ ወዲህ ከየማይክሮስኮፑ ፈትቼ በየማስቀመጫው አድርጌ ቆልፌዋለሁ። 4፣ 10 እና 40 ኦብጀክቲቮች ዓይን ከሚጠጋበት የላይኛው ሌንስ፣ ከ10 አይፒስ ጋር ሲባዙ 40፣ 100 እና 400 እጥፍ ያጎላሉ፤ ይህም ለምንፈልገው ሁሉ ይበቃል።

መብራት በሚጠፋበት ከተማ በመስታወት የሚሠራው አሮጌው ማይክሮስኮፕ በአምፖል ከሚሠራው አዲሱ ይሻላል። ጠረጴዛውን ወደ መስኮት አስጠግቶ መስታወቱን ወደ ነጭ ደመና ወይም ወደ ግድግዳ ማዞር በቂ ነው። ወደ ፀሐይ ግን በምንም ዓይነት ሊዞር አይገባም፤ በሌንስ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ዓይን ያጠፋል። ይህን በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ደግሜ እናገራለሁ፤ ተማሪዎቼ ከእኔ ጋር አብረው በዜማ ሊሉት እስኪደርሱ ድረስ።

ዘለላ ለመሰብሰብ የሚያስፈልጉት ስኮች፣ ወረንጦ፣ ንጹሕ ወረቀትና እስክርቢቶ ናቸው። ስኮቹን ልብሱ ወይም ወንበሩ ላይ ጫን አድርጎ አንሥቶ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ መለጠፍ፣ በላዩም ማን፣ መቼ፣ ከየት እንዳነሣው ወዲያውኑ መጻፍ ነው። በመጀመሪያው ልምምዳችን እያንዳንዱ ቡድን «ነጭ ጥጥ አገኘን» ብሎ ደስ እያለው መጣ። ከወንበሩም፣ ከበሩም፣ ከደብተሩም፣ ከተጠርጣሪውም ከተበዳዩም ነጭ ጥጥ ነበር። ነገሩ ስላልጣመኝ አንድ ስኮች ከጥቅሉ ስቤ፣ ምንም ሳላስነካ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ይዤ ፕላስቲኩ ላይ ለጠፍሁትና በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ እዚያም ሦስት ነጭ የጥጥ ዘለላዎች ነበሩ። እኔ ራሴ በዚያ ጠዋት ብርድ ስለነበረ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ መጥቻለሁ። ጋቢና ነጠላ የማይለበስበት ቤት በሌለበት በእኛ አገር ቀለም ያልነካው ነጭ ጥጥ ከአቧራ አይለይም። በሌላው ዓለም ያሉ መርማሪዎችም ነጭ ጥጥንና የጂንስ ሰማያዊ ጥጥን በጣም ስለሚበዙ እንደ ማስረጃ እምብዛም አይቆጥሯቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክበባችን ሁለት ደንቦች ጸኑ፤ አንደኛው ነጭ ጥጥ አይቆጠርም የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በየስብስቡ ምንም ያልነካ አንድ ባዶ ስኮች ይኑር የሚል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው፣ በእኔ ግምት የሥራው ሁሉ ምሰሶ የሆነው፣ የማመሳከሪያ ስብስብ ማዘጋጀት ነው። ተማሪዎች ከየቤታቸው ቁራጭ ክር እንዲያመጡ ጠየቅሁ። ጋቢና ነጠላ፣ የአያት በርኖስ፣ ባና፣ ሹራብ፣ ደንብ ልብስ፣ የቃጫ ገመድ፣ በተለምዶ «ማዳበሪያ» የምንለው ጆንያ፣ የበግ ፀጉር፣ የውሻ ፀጉር፣ የራሳቸውም ፀጉር መጣ። አንዷ ተማሪ አያቷን ጭምር ይዛ መጣች፤ እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው። ሁለት ነጭ ፈትል፣ አንዱን የእጅ አንዱን የፋብሪካ፣ ሰጠኋቸውና በማይክሮስኮፕ እንዲለዩ ጋበዝኋቸው። ማይክሮስኮፑን ገፋ አድርገው ፈትሎቹን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አንዴ አሽከረከሯቸውና «ይኸ የእንዝርት ነው፤ እዚህ ሰብሰብ፣ እዚህ ሳሳ ይላል። ያኛው መኪና ነው» አሉ። ትክክል ነበሩ። በማይክሮስኮፕ ብናየው ሁለቱም ጥጥ ስለሆኑ ዘለላቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በፈትሉ ውፍረትና በጥምዛዜው እኩልነት ላይ ነው። ከእማማ የተማርነውም ሥራውን ከዝቅተኛው ማጉላት፣ አልፎም ከባዶ ዓይንና ከእጅ መጀመር እንዳለብን ነው። ፈትሉ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ ተጠምዝዟል፣ ስንት ፈትል አንድ ላይ ተገምዷል የሚሉት ጥያቄዎች ዘለላ ከመፈታቱ በፊት ሊመለሱ ይገባል፤ ከተፈታ በኋላ መልስ የላቸውም።

ዘለላውን ስላይድ ላይ ስናስቀምጥ መጀመሪያ በውኃ እንጠቀም ነበር። ውኃ ቶሎ ከመድረቁ በላይ የዘለላውን ዳር አጥቁሮ ውስጡን ይጋርዳል። ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን እጅግ ይሻላል። ምክንያቱ ብርሃን በውስጡ የሚሰበርበት መጠን 1.47 ገደማ ሆኖ፣ 1.33 ከሆነው ከውኃው ይልቅ ለክር የቀረበ መሆኑ ነው። ብርሃን በሁለቱ ነገሮች ውስጥ ተቀራራቢ በሆነ መጠን ሲሰበር ዳሩ ይፈዛል፣ ውስጡ ይገለጣል። አሲቴት የሚባለው ክር ከግሊሰሪን ጋር እኩል ሊባል ስለሚቃረብ፣ ግሊሰሪን ውስጥ ሲገባ የጠፋ እስኪመስል ድረስ ይደበዝዛል፤ ይህም ራሱ መለያው ነው። መሸፈኛውን ብርጭቆ በአንድ ጎኑ አስነክቶ ቀስ እያሉ ማጋደም ያስፈልጋል፤ አለዚያ አየር ይታሰራል። ጥቁርና ወፍራም ጠርዝ ያለውን ክብ የአየር አረፋ «ቲቸር፣ እንቁላል አገኘሁ!» ብሎ ያልጠራኝ አዲስ ተማሪ አላስታውስም። ለማመሳከሪያ የሚቀመጠውን ስላይድ ዙሪያውን ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ብታሽጉት ግሊሰሪኑ ሳይፈስ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

በ100 እጥፍ የሚታየው እንዲህ ነው። የጥጥ ዘለላ ውኃ ሲያልቅበት እንደሚተኛ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ በየመካከሉ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በእርግጥም ጎማ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ፍሬው ሳይፈነዳ በፊት በውስጡ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ ሲሆን፣ ፍሬው ተከፍቶ ሲደርቅ ነው የሚተኛው። የበግ ፀጉር በላዩ ላይ የተደራረበ ቅርፊት አለው፤ ከተማሪዎቼ አንዱ «እንደ ሣር ክዳን» ብሎ የሰጠውን ምሳሌ ከመጽሐፉ «የዓሣ ቅርፊት» እመርጠዋለሁ፤ ምክንያቱም አንዱ እርከን በሌላው ላይ ተደርቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወርዳል። የቃጫ ገመድ ሻካራ ነው፤ አንድ የሚመስለው ጭረት ብዙ ቀጫጭን ዘለላዎች የተጣበቁበት ነዶ ነው። ፖሊስተርና ናይለን እንደ ብርጭቆ ዘንግ ለስላሳና ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ናቸው፤ በብዙዎቹ ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ ይህም ቆሻሻ ሳይሆን ፋብሪካው አንጸባራቂነቱን ለመቀነስ የሚጨምረው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎችን ያስገረመው የራሳቸው ደንብ ልብስ ሆነ፤ ከአንድ ፈትል ውስጥ የተጠማዘዘ ጥጥና ለስላሳ ፖሊስተር አብረው ተፈትለው አገኟቸው።

ልኬትም ያስፈልጋል፤ «ቀጭን ነው» ማለት ለማንም አይረዳም። የመለኪያ ስላይድ ስለሌለን ግልጽ ማስመሪያ በ4 ኦብጀክቲቭ ሥር አድርገን የሚታየውን ክብ ስፋት ለካን፤ በእኛ ማይክሮስኮፕ 4.5 ሚሊሜትር ሆነ። ማጉላቱ በ10 እጥፍ ሲያድግ ስፋቱ በ10 ስለሚቀንስ፣ በ40 ኦብጀክቲቭ የሚታየው ክብ 0.45 ሚሊሜትር፣ ማለትም 450 ማይክሮሜትር ነው። በዚህ ክብ ውስጥ የአንድ ተማሪ ፀጉር ጎን ለጎን ቢደረደር ስድስት ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ 75 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ጥጡ በተመሳሳይ ስሌት ከ12 እስከ 20 ማይክሮሜትር ይሆናል። የእናንተ ማይክሮስኮፕ ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ስለሚችል የእኛን አትውሰዱ፤ ለክታችሁ አውጡ።

ዓይን ብቻውን ሲያታልል የሚያግዙ ርካሽ ፈተናዎች አሉ። ከሁሉ የምወደው የበረኪናው ነው። አንድ የበግ ፀጉር ፈትልና አንድ የጥጥ ፈትል በየብርጭቆው በረኪና ውስጥ ቢቀመጡ፣ የበጉ ፀጉር አረፋ እያወጣ ሄዶ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ጥጡ ቀለሙን ከመልቀቅ በቀር በቦታው ይገኛል። በረኪና የበግ ፀጉር የተሠራበትን ፕሮቲን እንጂ ጥጥ የተሠራበትን ሴሉሎስ በዚያ ፍጥነት ስለማያፈርስ ነው። መስኮት ተከፍቶ ይሠራ፣ ከማንኛውም አሲድም ይራቅ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የማዳበሪያው ጆንያ ክር ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ከውኃ ይቀላል፤ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ብታጠልቁት ተመልሶ ይንሳፈፋል፣ ናይለንና ፖሊስተር ግን ይሰምጣሉ። ሳሙናው ካልተጨመረ በክሩ ላይ የተያዘው አየር ሁሉንም ስለሚያንሳፍፍ ፈተናው ዋጋ የለውም። የማቃጠል ፈተናን በተመለከተ ጥጥና የበግ ፀጉር ብቻ፣ ከቤት ውጭ፣ በወረንጦ ይዘን እናቃጥላለን፤ ጥጡ እንደ ወረቀት፣ የበጉ ፀጉር እንደ ተለበለበ ፀጉር ይሸታል። አክሪሊክ የሚባለው፣ ለሹራብ የሚውለው ሰው ሠራሽ ክር ሲቃጠል ሃይድሮጂን ሳያናይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ክር በክፍል ውስጥ ማቃጠልን ትቼዋለሁ፤ ሌሎችም ቢተዉት እመክራለሁ።

አንድ ተማሪ ያመጣው የተሰበረ ካልኩሌተርም ትልቅ ነገር አስገኘልን። ከካልኩሌተሩ የቁጥር ማሳያ ላይ የሚላቀቀው ግራጫ ፕላስቲክ የብርሃንን አቅጣጫ የሚያጣራ ነው። ለሁለት ቆርጠን አንዱን ከስላይዱ በታች፣ ሌላውን አይፒሱ ላይ አድርገን፣ ሜዳው ሁሉ እስኪጨልም የላይኛውን አዞርን። በዚያ ጨለማ ውስጥ ፖሊስተር ከሁሉ ደምቆ ያበራል፤ ጥጥም ያበራል፣ ስላይዱን ምንም ያህል ብታዞሩት ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ አክሪሊክ ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ለስላሳና እኩል ሆነው በተራ ብርሃን አንድ የሚመስሉትን ፖሊስተርንና አክሪሊክን በአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ መለየት ቻልን።

እንግዲህ የበደልሁበትን ልናገር። በሦስተኛው ዓመት በጥር ወር ከቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን የክበቡ ካልኩሌተር ጠፋ። ተማሪዎቼ፣ የተማሩትን በተግባር ለማዋል ቸኩለው፣ ሳይጠይቁኝ ከቁም ሣጥኑ በር ጠርዝ ላይ በስኮች አነሡ። ሰማያዊ ዘለላዎች ተገኙ፤ ለስላሳ፣ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ በርዝመታቸው አንድ መሥመር የሚታይባቸው፣ በካልኩሌተሩ ፕላስቲክ ሲታዩም ደብዛዛ፤ አክሪሊክ ነበሩ። ከክበቡ አባላት ሰማያዊ ሹራብ የሚለብስ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረ። ከእጅጌው ናሙና ወስደው ጎን ለጎን አስቀመጡና «ቲቸር፣ ይኸው!» አሉኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። ቀለሙም፣ ውፍረቱም፣ ነጠብጣቡም አንድ ነበር። «ይመሳሰላል» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ትክክል ነበር፤ መምህራን ማረፊያ ሲደርስ ግን «ተገኘ» ሆኖ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጁ ወደ ቢሮ ተጠራ፤ በማግስቱ አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። በዚያ ሳምንት ቤተ ሙከራ ከገቡ አሥር ሰዎች ልብስ ላይ፣ የራሴንም ካፖርት ጨምሮ፣ ያስነሣሁትን ስኮች መረመርሁ። ያንኑ ሰማያዊ ዘለላ በሰባቱ ላይ አገኘሁት። የእኔ ካፖርት ላይ አራት ነበሩ። ልጁ የክበቡ አባል ስለሆነ ቁም ሣጥኑን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይከፍታል፤ ክሩ በሩ ላይ ባይገኝ ነበር የሚገርመው።

ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። አባትየው አረንጓዴ ቁምጣቸውን እንደ ለበሱ ከማሳ ተመልሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አስቀመጡኝ፣ ጠላም አስቀዱልኝ። ስሕተቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርሁ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ሹራቡን ከውስጥ አስመጡና ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው «መምህር፣ ይችን እኮ ገበያ ላይ ነው የገዛሁለት። ከዚያው ክምር ስንቱ ሰው እያነሣ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉኝ። የክር ማስረጃ የሚያመለክተው ዓይነቱን እንጂ አንዱን ልብስ ለይቶ እንዳልሆነ በሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬው ነበር፤ እርሳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ሰኞ በሰልፍ ላይ ስሕተቱ የማን እንደሆነ በተማሪው ሁሉ ፊት ተናገርሁ። ካልኩሌተሩ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ተማሪዎች ከዚህ በኋላ «ታዲያ ክር ለምን ይጠቅማል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ተገቢ ጥያቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት በአሜሪካ አትላንታ ከተማ በ1982 እ.ኤ.አ. ዌይን ዊሊያምስ የተባለ ሰው ከተፈረደበት የግድያ ክስ ነው። በዚያ ክስ በሟቾች ላይ የተገኙት፣ ከዊሊያምስ ቤት ምንጣፍ ጋር የተመሳሰሉት አረንጓዴ ዘለላዎች ሲቆረጡ መልካቸው ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ያልተለመደ ቅርጽ ነበራቸው። ዐቃቤ ሕግ ምንጣፉ ምን ያህል እንደ ተመረተና የት እንደ ተሸጠ ተከታትሎ፣ በአትላንታ አካባቢ በዘፈቀደ በተመረጠ መኖሪያ ውስጥ ተመሳሳይ ምንጣፍ የመገኘት ዕድል ከ7,792 አንድ ነው የሚል ስሌት አቀረበ። በዚያም ላይ አንድ ዓይነት ክር ብቻ አልነበረም፤ የአልጋ ልብስ ዘለላና የውሻ ፀጉር ጭምር አብረው ይገኙ ነበር። ክር የሚከብደው ብርቅ ሲሆንና ብዙ ዓይነት ክር በአንድነት ሲመጣ ነው። የእኛ ሰማያዊ አክሪሊክ ብርቅም አልነበረም፣ ብቻውንም ነበር።

ስለዚህ ልምምዱን ከሥሩ ለወጥሁት። አሁን ታሪኩን የምፈጥረው እኔ ነኝ፤ በትምህርት ቤቱ ውስጥ በእርግጥ የጠፋ ነገር በክበቡ አይመረመርም፤ እርሱ የፖሊስ ሥራ ነው። ስድስት ፖስታ አዘጋጃለሁ። አንዱ ከቦታው የተነሣ፣ አራቱ ከአራት ልብሶች የተወሰዱ፣ አንዱ ደግሞ ባዶ ስኮች ናቸው። ፖስታዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም፤ የሚያነጻጽረው ተማሪ የማን ልብስ እንደሆነ እንዳያውቅ ነው። ስሙን ያወቀ ሰው የጠበቀውን ማየቱ አይቀርምና፤ እኔ ራሴ ያን ቀን ወደ አይፒሱ ዝቅ ያልሁት የልጁን ስም ሰምቼ ነበር። በየጥቂት ጊዜው ከአራቱ አንዱም የማይመሳሰልበትን ስብስብ እሰጣለሁ። በመጀመሪያ ጊዜ ከአምስት ቡድን አራቱ «ተገኘ» ብለው ጻፉ፤ ወንጀለኛ ሊኖር ግድ ነው ብለው አስበዋልና። አሁን ይህ እየቀነሰ ነው።

የሪፖርቱንም ቃል ገድቤዋለሁ። ተማሪው ሦስት ነገር ብቻ ሊጽፍ ይችላል፤ «ይለያል»፣ «በመረመርነው ሁሉ ይመሳሰላል፤ ከዚህ ወይም ይህን ከመሰለ ሌላ ልብስ ሊመጣ ይችላል»፣ ወይም «መለየት አልቻልሁም»። «ይለያል» ለማለት እንኳ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንድ ልብስ በድሩ ሌላ፣ በማጉ ሌላ፣ በጥለቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ክር ሊኖረው ስለሚችል፣ ከአንድ ቦታ ብቻ ናሙና ወስዶ ልብሱን ነጻ ማውጣት አይቻልም። ከነጠላ መሀል ያነሣ ቡድን ጥለቱን ሳያይ «ይለያል» ብሎ ሲሳሳት አይቻለሁ። የማስመሪያ ልኬቱ፣ የማጉላቱ መጠን፣ የተጠቀሙበት ፈሳሽና በእርሳስ የተሣለ ሥዕል ከሪፖርቱ ጋር ይያያዛሉ። በስልክ ካሜራ በአይፒሱ በኩል ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ ሥዕሉን ግን አላስቀርም፤ የሚሥል ተማሪ ቅርፊቱን ይቆጥራል፣ ፎቶ ያነሣው ግን ቶሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ያ ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ክበቡ ተመለሰ፤ ማንም አልለመነውም፣ እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። ማመሳከሪያውን በካርድ የሚያደራጀው እርሱ ሆነ። ካርድ ቁጥር 27 ላይ በራሱ እጅ ጽሑፍ «ሰማያዊ ሹራብ፣ አክሪሊክ፣ ከገበያ የተገዛ፣ በከተማችን በብዛት የሚገኝ» ይላል፤ የመጨረሻውን ሐረግ ከሥሩ አስምሮበታል። አሁን በየካርዱ ላይ «በአካባቢው ምን ያህል ይበዛል?» የሚል መሥመር የተጨመረው ከዚያ የተነሣ ነው፤ ተማሪዎች ገበያ ወጥተው ነጋዴዎችን እየጠየቁ ይሞሉታል።

ለጀማሪ የቀረኝ ስለ ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቤተ ሙከራው ተዘግቶ ሲቆይ እርጥበቱ ሌንስ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዴ ከበቀለም ብርጭቆውን ይበላዋል። እኛ ማይክሮስኮፖቹን በፕላስቲክ ሸፍነን፣ ከጫማ ካርቶን የምናገኛቸውን ትንንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አብረን አስገብተን፣ ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣለን። በክረምቱ መካከልም ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ ከፍተን አየር እናስገባለን። ባለፈው ክረምት ቁልፉን ይዞ የከፈተው የካርድ ቁጥር 27 ጸሐፊ ነበር።